የጠመንጃው ተራኪ ማን ነው?

ጠረጴዛ ላይ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተጋድሟል። ከጠረጴዛው ኋላ ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ፂሙን ያሳመረ አንድ አሜሪካዊ ቆሟል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይፎክርም፣ አያስፈራራም። የመዝጊያውን ብረት ከቦታው ስቦ ያወጣና እያገላበጠ ለካሜራው ያሳያል። ይህች ጥርስ ቀለሁን እንዴት ጎትታ እንደምታወጣ፣ ያኛው ሞላ ለምን እንደተጨመረ፣ ፋብሪካው የቱ ላይ ሐሳቡን እንደቀየረ ይናገራል። ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲጨርስ ተመልካቹ በእጁ ነክቶት ስለማያውቀው ብረት ብዙ ያወቀ ይመስለዋል፤ በእርግጥም አውቋል።

ሰውዬው ኢያን ማኮለም ይባላል። «ፎርጎተን ዌፐንስ» የተባለውን ሥራውን የጀመረው በ2010ና በ2011 አካባቢ ነው (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በዩቲዩብ የሚከታተሉት በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በእነዚህ ተከታዮች ዘንድ ስለ ጠመንጃ ከሚነሣው ክርክር ባልተናነሰ ስለ ሰውዬው የሚነሣ ክርክር አለ። ለመሆኑ ይህ ሰው ከየት መጣ? ወታደር ነበር? ታሪክ ተምሯል? ጠመንጃ ሠሪ ነው? ማን አስተማረው? በጸጉሩና በፂሙ የተነሣም «የጠመንጃ ኢየሱስ» የሚል ቅጽል ለጥፈውለታል። የወንጌል አማኝ በበዛባት የከምባታ ከተማ ዱራሜ ይህን ቅጽል ጮክ ብሎ መጥራት አልመክርም።

መልሱ ከጥያቄው ይቀላል። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ካለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምሕንድስና ቴክኖሎጂ ተመርቋል። ዕውቀቱ የተከማቸው ጦር ሜዳ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው። ትልልቅ የሐራጅ ቤቶች ብርቅ መሣሪያዎችን ለጨረታ ሲያቀርቡ፣ ከመሸጣቸው በፊት እየፈታ የመቅረጽ ዕድል አገኘ፤ ቀጥሎ ሙዚየሞች መጋዘናቸውን ከፈቱለት። በ2019 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ከ1866 እስከ 2016 የታጠቃቸውን ጠመንጃዎች የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። የማሳተሚያውን ገንዘብ አንባቢዎች አስቀድመው አዋጡለት፤ ያሳተመውም እርሱ ራሱ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ድርጅት ነው።

ሰዎች የተራኪን ማንነት የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ለማመን ነው። «ተኩሶ ያውቃል?» የሚለው ሰው ልብ ውስጥ «ካልተኮሰ ምን ያውቃል» የሚል ፍርድ አለ። እኔ ግን ጥያቄውን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። አንድ ተራኪ የተናገረውን ማጣራት ይቻላል፤ ሌላ መጽሐፍ ገልጦ፣ ሌላ ሰው ጠይቆ። ሳይጠይቅ ያለፈውን ግን እርሱን በማዳመጥ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ከየት እንደመጣ ያወቅን ዕለት የት የት ላይ ዝም እንደሚል መገመት እንጀምራለን። ይህን ለመፈተን ደግሞ አያቶቻችን ውጅግራ ከሚሉት ጠመንጃ የተሻለ የለም።

በመሐንዲስ ዓይን የውጅግራ ታሪክ ያማረ ነው። ፈረንሳይ በ1866 የተቀበለችው ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ከኋላ ያለውን ክፍተት የሚደፍነው የጎማ ቀለበት በሙቀትና በተኩስ ብዛት ይበላል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ያፈተልካል። በ1870 ከፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ፈረንሳይ ከተሸነፈች በኋላ ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ያንኑ ጠመንጃ የነሐስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው። ቀለሁ ሲተኮስ ይነፋና ክፍተቱን ራሱ ይደፍናል። ይህ የ1874ቱ ግራ፣ የእኛው ውጅግራ ነው፤ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጥቁር፣ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ በ1886 በዚሁ ባሩድ የሚተኩስ ለበል የተባለ ጠመንጃ ለፈረንሳይ ጦር ተሰጠ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ብረት ሆነ።

የፈረንሳይ ጠመንጃ ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ገጹን ገልብጦ ወደ ለበል ቢያልፍ አይፈረድበትም። ለእኛ ግን ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ፓሪስ ላይ ያረጀው ብረት በኦቦክና በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል በግመል ተጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያወራው ሌላ ሰው ነው፤ የዚያም ሰው ማንነት ይጠየቃል።

ከሻጮቹ አንዱን ዓለም የሚያውቀው በጠመንጃ አይደለም። አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን የተወው ገና ሃያዎቹን ሲጀምር ነው። ሐረር ለአንድ ነጋዴ ድርጅት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሲገዛ ከቆየ በኋላ በ1885 ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ተሻርኮ ለምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ ተነሣ። ፈቃድ እየተከለከለና ግመል እየታጣ አንድ ዓመት ያህል ታጁራ ላይ ቆመ። ላባቱ ታሞ ሞተ። ሌላው አብሮት ሊሄድ የነበረ ሶሌዬ የተባለ ነጋዴም ሞተ። ራምቦ ብቻውን በ1886 መጨረሻ ግመሎቹን ነድቶ የአፋርን በረሃ አቋረጠና በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ምኒልክ አልነበሩም፤ ሐረርን ሊይዙ ዘምተዋል። እንጦጦ ላይ ሲገናኙ ዋጋው ተቆረጠ፤ የላባቱ አበዳሪዎችም ከየአቅጣጫው መጡበት። ጭነቱ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ሲሆን አውሮፓ ከጣለችው ቆየት ያለ ዓይነት ነበር። የራምቦ አድናቂዎች የግጥሙን ሰውና የጠመንጃውን ሰው ማስታረቅ አቅቷቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ለጠመንጃ ታሪክ ግን የሚጠቅመው ነጋዴው ነው። ደብዳቤዎቹ በዕዳ፣ በግመል ኪራይና በማርያ ቴሬዛ ብር የተሞሉ ናቸው፤ ስለ ብረቱ ጥርስና ሞላ ደንታም የለው።

ይህን ሁሉ የነጋዴና የመንገደኛ ወረቀት ሰብስቦ ወደ ታሪክ የለወጠው ደግሞ ሌላ የውጭ ሰው ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1962 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ከ1800 እስከ 1935 ስለነበረው የኢትዮጵያ ጠመንጃ ታሪክ ረጅም ጥናት አወጡ። የእርሳቸው አመጣጥ የታወቀ ነው። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ በለንደን ለሴቶች የምርጫ መብት የታገሉ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ጋዜጣ አቋቁመው ለአገራችን የተሟገቱ። ልጃቸው በለንደን የኢኮኖሚ ታሪክ አጥንተው በ1956 ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የኢኮኖሚ ታሪክ ሰው ጠመንጃን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ዝሆን ጥርስ ይመነዝራል? በየትኛው ወደብ ገባ? በየትኛው ስምምነት ተፈቀደ? በፓንክረስት ሥራዎች ጠመንጃ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይሄዳል፤ ጥይት ራሱ ገበያ ላይ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር የምናነበውም ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ነው። አንድ ብር ለጨውና ለበርበሬ ይበዛል፤ የውጅግራ ጥይት ግን ልክ ነው። መሐንዲስ የነሐሱ ቀለህ ጋዝ መያዙን ያደንቃል፤ ያንኑ ነሐስ አገሬው ገበያ ወስዶ መንዝሮታል። የሲልቪያ ልጅ መሆናቸውም ዝም አላለም። ፓንክረስት ለኢትዮጵያ ወግነው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃው ከጠረፍ ወደ ማእከል ሲገባና አድዋ ላይ ወራሪን ሲመልስ በደንብ ይታያቸዋል። ከማእከል ወደ ደቡብ ሲወርድ ያንኑ ያህል ቅርበት ያለው ምስል አናገኝም።

«ታዲያ የራሳችን ሰው የለም ወይ?» ለሚል አንባቢ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሉ። የአድዋ ጦርነት ሲደረግ ገና ልጅ ሆነው አብረው ዘምተዋል። ከዚያም ወደ ሩሲያ ተወስደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መኮንን ሆኑ። የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩም እርሳቸው ናቸው። ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው የጦር መሣሪያን በሁለት ዓይን ያየ ሰው ጽሑፍ ነው፤ በልጅነቱ ጦር ሜዳ የዋለ፣ ጎልምሶ ደግሞ የመድፍን ስሌት የተማረ። ሆኖም እርሳቸውም የቆሙት ከመሣሪያው ጀርባ ነው።

ለመሐንዲሱ ውለታውን ልመልስለት፤ ካልሆነ ምዕራፉ ግፍ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ የሰብሳቢዎች ገበያ ገብተዋል። የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ የዘውድ አንበሳ የተቀረጸበት የቤልጅግ ማውዘር፣ ሌላም ሌላም። ሰደፋቸው ተሰንጥቆ በጠፍር የተጠፈረ፣ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በሽቦ የታሰረ አለ። ገዢው እንዲህ ያለውን ሲያይ ልቡ ይመታል፤ «አድዋ ላይ የተማረከ ይሆን?» ይላል። ሻጭም ይህን ምኞት ለማቀዝቀዝ አይቸኩልም። እዚህ ላይ የሚያስታርቀው ብረት ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ቬተርሊው መጀመሪያ ሲሠራ 10.4 ሚሊሜትር ነበር። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራት ከነዚህ ብዙዎቹን በአፈሙዛቸው ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብታ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ለወጠቻቸው። እንግዲህ 6.5 የሆነ ቬተርሊ ቢያንስ እስከ 1915 ድረስ በጣሊያን እጅ ነበር ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተማርኮ እኛ ዘንድ የቀረ ጠመንጃ ጣሊያን ሄዶ ቱቦ አስቀይሮ ሊመለስ አይችልም። ያ ጠመንጃ የመጣው ቆይቶ፣ ምናልባትም በኋለኛው ወረራ ነው። ማኮለም ለተመልካቾቹ የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ንባብ ነው፤ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን፣ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ክፍል ማየት። የአገር ፍቅር ስሜት ይህን ሊተካ አይችልም።

ግን ሰደፉን የጠፈረው ማን ነው? ያንን ብረቱ አይናገርም።

ዱራሜ ተቀምጦ እነዚህን ቪዲዮዎች ስልኩ ላይ የሚያይ ወጣት ከአሜሪካዊው ተመልካች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ውጅግራ ለእርሱ የሰብሳቢ ዕቃ አይደለም፤ የቅድመ አያቱ ታሪክ ውስጥ አለ። ከምባታ ዎማ በሚባሉ ነገሥታት ይተዳደር የነበረ፣ በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ እንሰት ተክሎ የሚኖር፣ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር ነው። የምኒልክ ጦር ወደዚህ የደረሰው በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአድዋ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው። ጎረቤት በሆነው በቀቤና ሐሰን ኢንጃሞ የተባለ መሪ ከዚያ በፊት ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግቶ ነበር። በከምባታ በኩል የነበረው በአብዛኛው ጦር፣ ጋሻና ፈረስ ነው። በሌላው ወገን ከታጁራ በግመል የወጣው ብረት። ፈረንሳይ አርጅቷል ብላ የጣለችው ጠመንጃ እዚህ ሲደርስ አላረጀም፤ ጠመንጃ የሚያረጀው ከፊቱ በሚቆመው መሣሪያ ልክ ነው።

ከድሉ በኋላ ጠመንጃው ወደ መጋዘን አልተመለሰም። ባለ ጠመንጃው በአገሩ ሰፈረ፤ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው በደመወዝ ምትክ ገባር ሰጠው። ለተራው ወታደር ጥቂት አባወራ፣ ለሹሙ ብዙ። ገባሩ እህል ያስገባል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ የጌታውን ጓዝ ይሸከማል። ነፍጠኛ ዛሬ የፖለቲካ ስድብና መልስ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ ዘመን የሥራ መደብ ነበር፣ ሒሳቡም ግልጽ ነው፦ አንድ ጠመንጃ ይህን ያህል ጎጆ። ዛሬ ሆሳዕና የምንላት፣ ቀድሞ ዋቸሞ የነበረችው ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ አስተዳደር ዘመን ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተኩሰው ያ አንድ ጎራሽ ብረት በተኩስ ካደረገው ይልቅ ሳይተኮስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያደረገው ይበልጣል። ይህን ዓይነት ሥራ ሲሠራ ጠመንጃውን ማንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሊፈታው አይችልም።

ይህን ወገን ለመስማት የቀረበው ተራኪም ከሩቅ የመጣ ነው። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባሉ ጀርመናዊ የኢትኖሎጂ ምሁር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሐድያና በከምባታ እየተዘዋወሩ ሽማግሌዎችን ጠየቁ። የሐድያን ታሪክ በ1980፣ የከምባታን በ1983 አሳተሙ፤ ሁለቱም በጀርመንኛ። የሐድያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። ሽማግሌው በከምባትኛ የተናገረው በጀርመንኛ ታትሞ፣ የልጅ ልጁ ፈልጎ ቢያገኘው የማያነበው ሆኖ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ያንገበግባል። ያም ሆኖ ኢትኖሎጂስቱ የጠየቁት ማንም ያልጠየቀውን ነው፤ ጎሣው ከየት መጣ፣ ማን ከማን ጋር ተዋጋ፣ ንጉሡ እንዴት ተያዘ። ምሁሩ የሕዝቦችን አመጣጥ የሚያጠኑ ናቸውና ስለ ጠመንጃው ዓይነትና ስለ ጥይቱ ዋጋ መጽሐፋቸው ላይ ሰፊ ቦታ ባናገኝ የእርሳቸው ጥፋት አይደለም።

አራቱን ተራኪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው ዛሬ ዱራሜ ያለ ሰው ነው። ማኮለም እንደሚያስተምረው ብረቱን ማንበብ፣ ፓንክረስት እንዳደረጉት ዋጋውንና መንገዱን መከተል፣ እንደ ተክለ ሐዋርያት የባለ መሣሪያውን ወገን ከውስጥ ማወቅ፣ እንደ ብራውኬምፐር ሽማግሌ ፊት መቀመጥ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዱራሜ ላይ ካምፓስ አለው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የሚል ተማሪ ካለ ከግቢው ሳይርቅ ይኸው።

መቸኮል ግን አለበት። የገባር ሥርዓት በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከ1941ዱ ነጻነት በኋላ በወጡት አዋጆች ፈርሷል። በነጻነቱ ዓመት የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናን አልፎ ወደ መቶ እየተጠጋ ነው፤ ከእርሱ በታች ያሉት የሚያወሩት የሰሙትን ነው። ያን አዛውንት ስለ ሞላና ስለ ጥርስ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አባባ፣ በልጅነትዎ መሣሪያው የማን ቤት ነበር? ውጅግራ ነበር ወይስ ምንሽር? በስሙ ይጠሩት ነበር? ጥይቱን ገበያ ላይ በምን ይለውጡት ነበር? አባትዎ በሳምንት ስንት ቀን እዚያ ቤት ይሠሩ ነበር? ሰደፉ ሲሰበር በጠፍር የሚጠፍረው ሰው ከየትኛው ሰፈር ይጠራ ነበር? ያስ ሰው ገባር ነበር ወይ?